የባነሩ ሽታ፦ አጭር የቀለም ታሪክ

አዲስ ባነር ከጥቅልሉ ሲፈታ የሚመጣውን ሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለሠርግም፣ ለምርቃትም፣ ለሱቅ መክፈቻም ያሠራነው ሁሉ ይሸታል። «አዲስ መሆኑ ያስታውቃል» ብሎ የሚወደውም አለ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ጥቂት የማይባሉት ዛሬ እንጀራቸው ባነርና ስቲከር ማተም ስለሆነ የዚህን ሽታ ታሪክ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከብራና እንጀምር። ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም በዋናነት የሚያዘጋጁት ከጥቀርሻ ነበር። ጥቀርሻ ካርቦን ነው፣ ብርሃን አያደበዝዘውም። የስንት መቶ ዓመት ብራና ዛሬም ጥርት ብሎ የሚነበበው ለዚህ ነው። የሚበጠበጠው በውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ወደ አየር የሚሄደውም ውሃ ነው።

የደመቁት ቀለሞች ግን ጣጣ ነበራቸው። በአገራችን የብራና ሥዕሎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ከተገኙት መካከል ሲናባር የሚባለው ቀይና ኦርፒመንት የሚባለው ቢጫ አሉ። የመጀመሪያው የሜርኩሪ፣ ሁለተኛው የአርሴኒክ ውህድ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፣ ሌላውም ዓለም በእነዚሁ ሲያሸበርቅ ኖሯል። መጽሐፉን ገልጦ ለሚያነብ ሰው አደጋው ትንሽ ነው። የሚያሰጋው ዱቄቱን ለሚፈጨውና ለሚበጠብጠው ሰው ነበር። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ለሁሉም ዘመን ትሠራለች።

ቀጥሎ የእርሳስ ዘመን መጣ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። የማተሚያ ፊደል የሚቀለጠው ከእርሳስ፣ ከአንቲሞኒና ከቆርቆሮ ድብልቅ ነበር። ፊደል ለቃሚው ቀኑን ሙሉ እርሳስ ሲነካ ይውልና በዚያው እጁ ምሳውን ይበላል። በእኛም አገር ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ኅትመት ማለት ገና የብረት ፊደል ማለት ነበር። አንባቢው ጋዜጣውን አንብቦ ያልፋል፤ እርሳሱ የሚቀረው ከሠራተኛው ጋር ነው።

ከዚያ በፊት በ1700 እ.ኤ.አ. በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሐኪሞች ከሂፖክራተስ ጀምሮ በሽተኛን ሲመረምሩ በሚጠይቁት ላይ እሱ አንዲት ጥያቄ ጨመረ፦ «ሥራህ ምንድን ነው?» ቀላል ትመስላለች አይደል? ስንት ሰው ግን ይህቺን ሳይጠየቅ ታሞ ሞቷል!

ኦፍሴትና ኮምፒውተር መጡና የእርሳስ ፊደል ወደ ሙዚየም ገባ። እፎይ ተባለ። አደጋው ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶልቬንት ቀለም የሚሠሩት ትልልቅ የባነር ማተሚያዎች ተስፋፉ። አሠራራቸው ብልህ ነው። ሶልቬንት የሚባለው አሟሚ ፈሳሽ የፕላስቲኩን ገጽ ትንሽ ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙ ሰርጎ ይይዛል፣ ከዚያ ፈሳሹ በሙቀት ይተንናል። ባነሩ ዝናብና ፀሐይ የሚችለው ለዚህ ነው። እሺ፣ የተነነውስ የት ሄደ? ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉም ወደ ሠራተኛው ሳንባ። ያ ሽታ እሱ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ብቻ ነው፣ ዋናውን የተነፈሰው ማሽኑ አጠገብ የቆመው ልጅ ነው።

«ሽታ እኮ ነው፣ ይለመዳል» የሚል ሰው ካለ የኦሳካን ታሪክ ይስማ። በጃፓን ኦሳካ ከተማ አንድ አነስተኛ ድርጅት የኅትመት ናሙና የሚያወጣው ምድር ቤት ባለ ክፍል ውስጥ ነበር። አየር በደንብ አይገባበትም። ሠራተኞቹ ከማሽኑ ላይ ቀለም የሚያጥቡት በቀን ደጋግመው በአሟሚ ፈሳሽ ነበር። በኋላ በሐሞት ቱቦ ካንሰር መያዛቸው የታወቀው 17 ደረሱ። ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነው፤ እነዚህ ግን ሲታመሙ ከ25 እስከ 45 ዓመት የሆናቸው ጎልማሶች ነበሩ። ለየብቻ ሲታዩ እያንዳንዳቸው ዕድለ ቢስ በሽተኛ ናቸው። «የት ነበር የሚሠሩት?» ተብሎ አንድ ላይ ሲደረደሩ ነው ጉዱ የወጣው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፦ ዋናው ተጠርጣሪ፣ 1,2-ዳይክሎሮፕሮፔን፣ በዚያን ጊዜ በጃፓን ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ የጃፓን መንግሥት ሕመሙ ከሥራ የመጣ መሆኑን ተቀበለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2014 እ.ኤ.አ. ኬሚካሉን ካንሰር አምጪ ከተባሉት ተርታ መደበው። ዝርዝሩ የተስተካከለው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። «አልተከለከለም» እና «አይጎዳም» የተለያዩ ናቸው።

ልብ በሉ፣ የባነር ቀለም ያንኑ ኬሚካል ይዟል እያልኩ አይደለም። የቀለሙ ዓይነት ብዙ ነው። ኢኮ ሶልቬንት የሚባለው ሽታው ቀንሷል፣ ትነቱ ግን አለ፤ «ኢኮ» ስለተባለ ከቅጠል የተጨመቀ እንዳይመስላችሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤችፒ ያወጣው ላቴክስ መሠረቱ ውሃ ነው፣ የተሻለ ነው። በዩቪ ብርሃን የሚደርቀው ደግሞ ብዙም አይተንም፣ ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ ግን ያሳክካል፣ አለርጂም ያመጣል።

እንግዲህ ማተሚያ ቤት ላላችሁ ተማሪዎቼ፦ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን ማሽኑ አጠገብ ግጠሙ። የክፍሉን አየር እዚያው የሚያሽከረክር ማራገቢያ ሽታውን ያዞረዋል እንጂ አያስወጣውም። ሄድ ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፣ ሲበላሽም ቀይሩ፤ አሟሚው በቆዳም ይገባል። ማሽኑ ባለበት ክፍል አትብሉ፣ አትተኙ። ቀለም ሻጩን የደኅንነት መግለጫ ወረቀቱን ጠይቁት። የተረፈ ቀለም ቱቦ ውስጥ አትድፉ። ቱቦው ወንዝ ይገባል፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር ደግሞ የምንበላው አትክልት ይለማል።

ለሌሎቻችሁም አንድ አደራ፦ ያረጀ ባነር ለጥላ ይሁን፣ ለዕቃ መሸፈኛ ይሁን፣ ምድጃ ውስጥ ግን አይግባ። ባነሩ ፒቪሲ ነው፣ ሲቃጠል ሳንባ የሚያቃጥል አሲድና ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል። «እሳት ቶሎ ያያይዛል» ብላችሁ እናቶቻችንን አታስጨርሱ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱም ራስ ምታቱን፣ ማዞሩን፣ ሳሉን ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እንኳ «ሥራዬ ባነር ማተም ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምውለው ሶልቬንት ጋ ነው» በሉት። ማተሚያ ቤት የሚሠራ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ይህቺን አድርሱልኝ።