በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ስለ ነበረው የትምህርት አጀማመር

ከሀገሩ የሚሰደድ ሰው ቤቱንና እርሻውን ትቶ ይሄዳል እንጂ ሃይማኖቱንና ከአባቶቹ የተቀበለውን ትምህርት ትቶ አይሄድም። በ17ኛው መቶ ዓመት ከእንግሊዝ ሀገር ወጥተው በማሳቹሴትስ የሰፈሩት ፑሪታን የሚባሉት ሰዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ክርስቲያን የሆነ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ማንበብ ይገባዋል ብለው ያምኑ ስለ ነበር፥ ንባብ ለእነርሱ የነፍስ ጉዳይ እንጂ የኑሮ ጌጥ አልነበረም።

ስለዚህ ዱሩን መንጥረው ሳይጨርሱ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1635 ዓ.ም. በቦስተን የላቲን ትምህርት ቤት አቆሙ። በሚከተለውም ዓመት ኮሌጅ እንዲሠራ ሸንጎው ገንዘብ ፈቀደ። በ1638 ዓ.ም. ጆን ሃርቫርድ የሚባል፥ በካምብሪጅ የተማረ ወጣት ሰባኪ ሲሞት የገንዘቡን እኩሌታና 400 ያህል መጻሕፍት ስለ ተናዘዘለት ኮሌጁ በስሙ ተጠራ። ላቲን፥ ጽርዕና ዕብራይስጥ የሚማሩበት ሥርዓቱም ከካምብሪጅ የተቀዳ ነበር።

በ1647 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ፥ ሰይጣን ሰዎችን ከቅዱሳት መጻሕፍት እውቀት ለማራቅ ይጥራል ብሎ ከጀመረ በኋላ፥ 50 ቤተ ሰብ ያለበት ከተማ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር፥ 100 ቤተ ሰብ ያለበትም የላቲን ሰዋስው ትምህርት ቤት እንዲያቆም አዘዘ። ሕፃናቱ የሚጀምሩት እጀታ ባለው ትንሽ ሰሌዳ ነበር፤ ይኸውም ፊደልና አቡነ ዘበሰማያት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት በስስ ቀንድ የተሸፈነ ነው።

ነገር ግን ይህ መብራት ለሁሉ እኩል አልበራም። ጆን ኤልየት የተባለው ሰባኪ በሀገሩ ተወላጆች ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋቸው ተርጕሞ በ1663 ዓ.ም. አሳተመ፤ በእንግሊዝ አሜሪካ መጀመሪያ የታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም እንግሊዝኛው ሳይሆን ይህ ነው። ካሌብ ቺሻቶማክ የሚባል የዋምፓኖአግ ወጣትም በ1665 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ተመርቆ በሚከተለው ዓመት ሞተ። በ1675 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ጠፉ፤ በተወላጆችና በሰፋሪዎች መካከል የነበረውም መተማመን አብሮ ጠፋ።

በደቡብ ካሮላይና በ1740 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከዚህ የከፋ ነበር፤ ባሪያን ጽሕፈት ያስተማረ ሰው 100 ፓውንድ እንዲቀጣ ፈረደ። በአንጻሩ በፈረንሳይ ተወልዶ ኩዌከር ከሚባሉት ማኅበር የገባው አንቶኒ ቤኔዜት በፊላደልፊያ ጥቁሮችን ማታ ማታ በቤቱ ያስተምር ነበር፤ በ1770 ዓ.ም.ም ማኅበሩ ትምህርት ቤት እንዲከፍትላቸው አደረገ። ከብዙ ዓመት ልምድ በኋላም፥ በአእምሮ ከማንም እንደማያንሱ መሰከረ።

እንግዲህ ሁሉም ያነበቡት ያንኑ አንድ መጽሐፍ ነው፤ አንዱ ግን በሩን ለመክፈት፥ ሌላው ለመዝጋት ሄደ። የአንድ ሀገር ትምህርት የሚመዘነው በተማሩት ብዛት ብቻ ሳይሆን በደጅ በቀሩትም ጭምር ነው።