ደረተ ዝርግ፦ ኢሙ የሚገባበት፣ ፍላሚንጎ የማይገባበት ወገን

ስለ ትልልቅ ወፎች ሲነሳ የአውስትራሊያው ኢሙ፣ ሰጎንና ፍላሚንጎ አብረው ይጠራሉ። እግራቸውም አንገታቸውም ረዘም ያለ ስለሆነ ዘመዳሞች ይመስላሉ፤ አይደሉም። ኢሙንና ሰጎንን በአንድ ወገን አስቀምጦ ፍላሚንጎን የሚያስወጣው ቃል «ራታይት» ይባላል። ብዙ ጊዜ «የማይበሩ ወፎች» እየተባለ ሲተረጎም ይሰማል። ይህ አያስኬድም፤ ፔንግዊንም አይበርም፣ ራታይት ግን አይደለም። እኔ «ደረተ ዝርግ» ብንለው እመርጣለሁ፤ መለያው ያለው ደረት ላይ ነውና።

ዶሮ የበለተ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ደረቷ መካከል ላይ ወደ ፊት የወጣ፣ ጠርዙ ስስ የሆነ አጥንት አለ፤ ነጩ ሥጋ ግራና ቀኝ የተለጠፈው እሱ ላይ ነው። ክንፍ የሚያርገበግበው ይኸው ሥጋ ነው። ዶሮ አጥር ከመዝለል ብዙም ባታልፍ አጥንቱ አለላት። ፔንግዊንም አለው፤ በክንፉ ይዋኝበታላ! የኢሙና የሰጎን ደረት አጥንት ግን ዝርግ ነው። ክንፉ ቢኖርም የሚያነሳው ጡንቻ የሚጣበቅበት ሸንተረር የለም። ጉልበቱ ሁሉ እግር ላይ ነው፦ ኢሙ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰጎን ደግሞ እስከ 70 ይሮጣሉ።

ከነዚህ ሌላ የኒው ጊኒና የሰሜን አውስትራሊያው ካሶዋሪ፣ የደቡብ አሜሪካው ሪያ፣ የኒው ዚላንዱ ኪዊ እዚሁ ይመደባሉ። ኪዊ ከዶሮ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ግዝፈትም መለያ አይሆንም።

«የኢሙን እንቁላል ማን ይታቀፋል?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ወንዱ ነው። ሴቷ ጥቁር አረንጓዴ እንቁላሎቿን ጥላ ትሄዳለች፤ እሱ ለስምንት ሳምንት ያህል ምግብ ሳይቀምስ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይቀመጥባቸዋል፤ ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው እሱ ነው። የሰጎን እንቁላል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ ተሰክቶ እናየዋለን። ሰጎን ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች የሚባለው ግን ተረት ነው፤ አደጋ ሲመጣባት አንገቷን መሬት ላይ ዘርግታ ስለምትተኛ ከሩቅ ላያት ጭንቅላት የሌላት ትመስላለች።

ፍላሚንጎስ? በአብያታ ወይም በጭቱ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው መንጋው ሲነሳ አይቷል። ይበራል፣ ደረቱም እንደ ዶሮ ሸንተረር አለው። ሮዝ ቀለሙን የሚያገኘው ከሚመገበው ነው፤ ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ከውኃው አጣርቶ የሚበላቸው ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ቀለሙን የሚሰጥ ንጥረ ነገር አላቸው።

በመጨረሻ አንድ ጥንቃቄ። ደረተ ዝርግነት ከአንድ አባት የተወረሰ አይመስልም። በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣ የዲኤንኤ ጥናት የኪዊ የቅርብ ዘመድ ጎረቤቱ ኢሙ ሳይሆን ከማዳጋስካር የጠፋው ግዙፉ የዝሆን ወፍ መሆኑን አሳይቷል። ቲናሙ የሚባሉት የላቲን አሜሪካ ወፎች ደግሞ ሸንተረር አላቸው፣ ይበራሉም፤ በዘር ግን የሚገቡት እዚሁ ቤተሰብ መካከል ነው። የእነዚህ ወፎች አያቶች በረራን የተዉት በየፊናቸው፣ በተለያየ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።