ዳዊቷን ያልዘጋችው

አያቴ የጃናሞራ ሰው ነበረች። ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ስትተርክ ለአንድ ንጉሥ ሁለት ስም ነበራት። ስትወደው «መይሳው» ትለዋለች፤ ስትቀየመው «ቴዎድሮስ»። መይሳው ከቋራ የተነሣ፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ የሰደበውን ደጃዝማች ወንድይራድን ማርኮ ኮሶ ያስጠጣ ጎበዝ ነው። ቴዎድሮስ ግን ጎንደርን ያቃጠለ ሰው ነው። እሱን ስትጠራ ድምፅዋ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ክሩ ይበጠስባታል። ልጅ ሆኜ ሁለት ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን መይሳው መጥቶ ያንን ቴዎድሮስ የሚባለውን ልክ የሚያስገባልን ይመስለኝ ነበር። አንድ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። የዚያን ዕለት አያቴን አኮረፍኳት።

ኋላ እኔም የታሪክ መምህርት ሆንኩ፤ እዚሁ ጎንደር ጠመኔ ስጨብጥ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ማታ ማታ አብራኝ የምትቀመጠው የልጅ ልጄ ናት፤ በእንዝርቱ ፈንታ ስልክ ይዛ። ቃና በ2008 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በየቤቱ ገብቷል። «ጥቁር ፍቅር» የሚሉትን ከስልኳ ላይ እየፈለገች እንደገና ታየዋለች። ኒሃን የምትባለዋ ልጅ ወንድሟን ለማዳን ስትል የማትወደውን ኤሚርን ታገባለች። አንድ ማታ መሐል ላይ ስታደርስ ስልኩን ወረወረችው።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ትዳር ውስጥ ፍቅር ሊኖር ይችላል?»

«የደረስጌን ሰርግ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አታውቅም። ትምህርት ቤት የደረስጌን ጦርነት ተምራለች እንጂ ሰርጉን ማን ያስተምራታል።

ደረስጌ ሰሜን ውስጥ፣ ጃናሞራ ወረዳ ነው። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግን በኪሎ ሜትር አይለኩትም። ተማሪዎች ይዤ የሄድኩ ጊዜ ብርዱ በጋቢ ላይ ጋቢ አስደርቦን፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ፣ ጭላዳው በየገደሉ አፋፍ ሣሩን እየነጨ አየን። ማርያም የቆመችው በወፍራም የድንጋይ ቅጥር መሐል ነው። ክብ ናት፤ መቅደሷ በሥዕል የተሸፈነ። ያሠራት የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነው። በግንባታው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እጁ ነበረበት። ውቤ ልቡ ዘውድ ላይ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኗንም ሊነግሥባት አሰናድቷት ነበር። ጳጳሱን አቡነ ሰላማንም ቢሆን ከግብፅ ያስመጣው እሱ ነው። ቤቱም፣ ቀቢውም፣ ድግሱም ተዘጋጅቷል እንበል። በየካቲት 1847 ካሣ ኃይሉ መጣና እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርጎ ማረከው። በቀናት ውስጥም በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣው ጳጳስ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

እዚያ ቅጥር ውስጥ ቆሜ ተማሪዎቼ ስለ ጦሩና ስለ መድፉ ሲጠይቁኝ የእኔ ሐሳብ ሌላ ጋ ነበር። ውቤ ሴት ልጅ ነበረችው። ጥሩወርቅ።

ስለ እሷ ከማውራቴ በፊት ስለ ተዋበች ላውራ፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ ተዋበች ነውና። የራስ አሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናት። ለካሣ የዳሯት በ1830ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ያንን የቋራ ሽፍታ በጋብቻ ሊያስሩት፣ ከተቻለም በሚስቱ ዐይን ሊጠብቁት ነበር። እሷ ግን ወደ ባሏ አጋደለች። ባልየው አያቷን መነንን ማረከ፤ በኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ አይሻል ላይ አባቷን ራስ አሊን ድል አደረገ። እሷ ከጎኑ አልተለየችም። ከነገሠ በኋላ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው በቁርባን ጸኑ። በነሐሴ 1850 ሞተች።

ታሪኩ እንዴት ያምራል! የጠላት ልጅ፣ ጀግና፣ ታማኝነት፣ ቁርባን፣ በወጣትነት ሞት። ስለ ቴዎድሮስ ተውኔትና ልብ ወለድ ሞልቷል፤ የግርማቸው ተክለሐዋርያት ተውኔት አለ፣ የጎንደሩ ልጅ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» አለ፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለ። በቡና ላይ በሚወራው ወግ ግን ሁልጊዜ የምታሸንፈው ተዋበች ናት። «እሷ ባትሞት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» ይላሉ፤ የኮሌጅ ምሩቅ ሳይቀር። እኔ አልዋጥልኝ ብሎኛል። በ1850 የሞተች ሴት በ1859 ለተቃጠለ ከተማ ምን ታድርግ? ደግሞስ የወንድ ቁጣ ሁሉ ልጓም ሚስቱ እጅ ናት ያለው ማን ነው? ተዋበች ዕድለኛ ነበረች፤ ታሪኳ ጨለማው ሳይደርስ ተዘጋ። ያልተፈተነ ፍቅር ነው ማለቴ አይደለም፤ አባቷንና አያቷን ያስከፈላት ፍቅር ነው። ግን ባሏ አገሩን ሲያስለቅስ አላየችም።

ያየችው ጥሩወርቅ ናት። ያገባት በ1852 ነው፤ አባቷ የእሱ እስረኛ ሆኖ ሳለ። ፍላጎቷ ገዳም መግባት ነበር ይባላል። ዘመዶቿ ደግሞ «አንቺ እሺ ካልሽ አባትሽ ይፈታል» ብለው ለመኗት ይባላል። የልጅ ልጄ እዚህ ላይ ስደርስ ቀና አለች፤ ኒሃንን አግኝታታለች። በትውልድም ቢሆን ጥሩወርቅ የሰሜን ባላባት ናት፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ ሲሉ የሰማችውን ሰው ነው ያገባችው። በሚያዝያ 1853 ዓለማየሁ ተወለደ። ፍቅሩ ግን አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ አላደገም። ንጉሡ በኋላ የትመኙ የምትባል የየጁ ሴት፣ የልጆች እናት የነበረች፣ አመጣ። ንግሥቲቱን ተዋት።

ከዚያ ከጨለማው ዘመን የተረፈልን አንድ ትዕይንት አለ። ንጉሡ መቅደላ አምባ ላይ ካሰራቸው አንዱ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው የጻፈው፤ እሱ «ጥሩነሽ» ነው የሚላት። ንጉሡ ወደ እልፍኟ ይገባል። ዳዊቷን እየደገመች ነው። አልተነሣችም። ቀናም አላለች። አይታ እንዳላየች ሆነች። ተቆጥቶ ለምን እንደማትመልስለት ሲጠይቃት፣ ከእሱ ከሚበልጥ ንጉሥ፣ ከዳዊት ጋር እየተነጋገረች መሆኗን ነገረችው።

ዘመኑን አስቡት። መኳንንቱ ወገቡን ታጥቆ ተራራው ሥር በሚሰግድበት፣ እስረኛው በሰንሰለት በሚቆራኝበት አምባ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ መዝሙሯን ትጨርሳለች። ልትደፍረው አይደለም። የያዘችው ጸሎት ነው፤ ማንም ባል «ጸሎትሽን አቋርጪ» ብሎ ማሳመን አይችልም። ይህን ብልኃት የማታውቅ የጎንደር ሴት የለችም። እናቴ አባቴ ሲቆጣ ውዳሴ ማርያም ታነሣ ነበር፤ አባቴም ደጅ ወጥቶ ይቀመጥ ነበር።

ለእኔ የነዚህን ሁለት ሰዎች ታሪክ ያቆየው ይህ ትዕይንት ነው። ጥሩወርቅ በመሐሉ ምዕራፍ ላይ ብትሟሟ፣ ብታጎነብስ፣ «ወድጄው ነው» ብትል፣ በመጨረሻው ምዕራፍ የሚታረቅ ሰው አይኖርም ነበር። ዳዊቷን ባለመዝጋቷ ለእርቁ የምትሆን ሌላ ወገን ሆና ቆየች።

የጎንደርም ጉዳይ እንደዚሁ ይመስለኛል። ከተማዋ ከቴዎድሮስ ጋር የኖረችው እንደ ተዋበች ሆና አይደለም፤ እንደ ጥሩወርቅ ነው። ልጄ ብላ አላሳደገችውም፤ መኳንንቷ ንቀውታል። እሱም ዙፋኑን ደብረ ታቦር አደረገ። ከካህናቱ ጋር የተያያዘው በመሬት ነው፤ በየደብሩ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባሩ ይሁን አለ። ነገሩ ከዛሬ ሆነን ስናየው ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ለአርባ አራቱ ታቦታት ከተማ ግን አንገት መቁረጥ ነበር። ካህናቱም ዳዊታቸውን አልዘጉም። አገሩ በየአቅጣጫው ሲሸፍት ከተማዋ ለሸፈተው ልቧን ሰጠች ብሎ ጠረጠራት። በ1856ና 57 አካባቢ ዘረፋት። በኅዳር 1859 ግን ንብረቷን አጋዘና እሳት ለቀቀባት። ከጥቂቶቹ በቀር አብያተ ክርስቲያናቱ ነደዱ።

መጻሕፍቱ ወጡ። ብራናው፣ መስቀሉ፣ ከበሮው ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይሆናል ተብሎ መቅደላ ደረሰ። ከመቅደላ ደግሞ እንግሊዞች ወሰዱት፤ 350 ገደማ ብራና ዛሬ ለንደን ነው። አንድ ተማሪዬ «ታዲያ የሰረቀን ማን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ደወሉ ተደወለና አዳነኝ።

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በጥር 1880፣ ጎንደር ሁለተኛ ነደደች። ያቃጠላት ከሱዳን የመጣው የአቡ አንጃ ደርቡሽ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳኗት ንቦች የሚነሡት በዚህኛው ታሪክ ላይ ነው። አያቴ ደርቡሽን የምትጠራው በአንድ ስም ብቻ ነበር፤ በዚያ ስም ደግሞ ሰው አይባርክም። ሁለቱም አቃጣይ ናቸው። ግን ፒያሳ ላይ ሐውልት የቆመለት አንዱ ነው። አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ወጣቱ ሹሩባውን እንደ እሱ ይሠራል። «ጎንደሬ ይቅር ባይ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ጎንደሬን አያውቅም እለዋለሁ። እኛ ቂም በቅርስነት የምናወርስ ሰዎች ነን።

ታዲያ ቴዎድሮስን ምን አቆየው? የአገር ልጅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ አልክድም። ሞቱም ሌላ ነው። ነገር ግን እንደ አያቴ ያሉ ሴቶች ታሪኩን ሲያወርዱልን መሐሉን አልዘለሉትም። የእሳቱን ማታ በመይሳው ሸፍነው አላሳለፉትም፤ የራሱ ስም ሰጡት፣ ድምፃቸውን አወረዱለት፣ ክሩ ሲበጠስ ቆም አሉ። ከዚያ ቀጠሉት። ዛሬ የሚያስፈራኝ ሐውልቱ ሥር ፎቶ የሚነሣው ልጅ አይደለም፤ ከጉር አምባ ተነሥቶ በአንድ ዝላይ መቅደላ የሚያርፈው ተራኪ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጀግናውን አከበርኩ ይላል እንጂ የሚያወራው ስለማያውቀው ሰው ነው። ንጉሡን በክፉነቱ ብቻ ዘግቶ የሚያስቀምጠውም እንደዚያው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 የስቅለት ዕለት ነበር። መቅደላ ሥር፣ እሮጌ ላይ፣ የንጉሡ ሠራዊት እስረኞቹን ሊያስፈታ በመጣው የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ አለቀ፤ የጦር አለቃው ገብርዬ ወደቀ። በነዚያ ቀናት ከጥሩወርቅ ጋር ታረቁ ይባላል። እጅግ አጭር እርቅ ናት። ልጁን በአደራ የሰጣት ያን ጊዜ ነው ይላሉ። በ1852 ሲያገባት አዛዥ ነበር፤ አሁን ግን የሚያዝዘው አንድ ተራራ ብቻ ቀርቶታል። ለመነ። ሚያዝያ 6፣ የፋሲካ ማግሥት፣ ሽጉጡን ጠጣ።

ጥሩወርቅ ልጇን ይዛ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ተጓዘች። ሳንባዋ ታሞ ነበር። ወር ሳይሞላት በግንቦት ትግራይ ውስጥ አረፈች፤ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረች። የደረስጌዋ ልጅ ደረስጌን ዳግም አላየችም። ዓለማየሁ ባሕር ተሻገረ፤ በኅዳር 1872 በአሥራ ስምንት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። በ2011 የአባቱ ጸጉር ከለንደን ተመለሰ። በ2015 የልጁ ዐፅም ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ እንቢ አለ።

የልጅ ልጄ ስልኳን አንሥታ ድራማዋን አልጨረሰችም፤ «አያትሽ ታሪኩን እንዴት አድርጋ ነው የምትጨርሰው?» አለችኝ።

አያቴ እሮጌ ስትደርስ እንዝርቷን ታኖራለች። በአገራችን የድሮ ወግ ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ የልጇ አባት ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ባለው ታሪክ ውስጥ አያቴ መይሳውም አትል፣ ቴዎድሮስም አትል። «የዓለማየሁ አባት ሽጉጡን አነሣ» ትላለች። ልጅ ሆኜ ይህ ሦስተኛው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። ጥጡን ባዘቶ እያደረገች፣ «የጥሩወርቅ ባል ነዋ» አለችኝ።