ግማሿ ያረረባት ጨረቃ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ወሬው ረዘም ይላል፤ ከፈረንሳይ ተነስቶ፣ አሜሪካን አዳርሶ፣ የሚያርፈው እኔ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው።

እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከሶፋው በላይ፣ አንዲት ጨረቃ ተሰቅላለች፤ ከፊሏ ብሩህ፣ ከፊሏን ጥላ ውጧት። አክስቴ መጀመሪያ ያየቻት ዕለት ነጠላዋን እያጣፋች ትክ ብላ አስተዋለቻትና፣ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ድፎ ግማሿ ያረረው እሳት በዝቶባት ነው?» አለችኝ። ፀጉሬ ሸብቶም ለእሷ ልጅ ነኝ። ድፎ አይደለችም፣ የጨረቃ ግርዶሽ ናት አልኳትና ቡናው እስኪፈላ የሠዓሊውን ነገር አጫወትኳት፤ ለእናንተም ያንኑ ልንገራችሁ።

ሰውየው ኤቲየን ሊዮፖልድ ትሩቭሎ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1827 ፈረንሳይ ተወለደ፣ በ1851 ሉዊ ናፖሊዮን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ሲጠቀልል ሪፐብሊኩን ይወድ ለነበረው ለትሩቭሎ አገሩ ጠበበችው፣ ከዚያም ቤተሰቡን ይዞ ውቅያኖስ ተሻገረና ከቦስተን አጠገብ ሜድፎርድ በምትባል ከተማ ኑሮውን መሠረተ። እጁ ሥዕል ያውቃል፤ ልቡ ግን ነፍሳት ላይ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ በመረብ ሸፈነና የዚያኑ የአሜሪካን የሐር ትል አረባ፣ እሱም አልበቃው ብሎ በ1860ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ የሌላ የእሳት እራት ዕንቁላል አስመጣ፣ ከዚያም ጥቂቶቹ አመለጡት። ይቺን ነገር እዚህ አስቀምጡልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1870 ገደማ የሰሜኑ ሰማይ በቀለም ሲርመሰመስ አየ፤ በዋልታ በኩል ያሉ አገሮች ሌሊት ሌሊት የሚያዩትን ያንን የሚወዛወዝ ብርሃን ማለቴ ነው። አየና ሣለው፣ ሥዕሎቹም የሃርቫርድ የጠፈር መመልከቻ ኃላፊ ከነበረው ከጆሴፍ ዊንሎክ ዓይን ገቡ፣ ዊንሎክም በ1872 ና እዚህ ሆነህ ሣል ብሎ ጠራው። ትል ሲቆጥር የኖረ ሰው እንዲህ ሆኖ ወደ ሰማይ ቀና አለ።

አሣሣሉን ልብ በሉልኝ። ቴሌስኮፑ ውስጥ፣ ዓይን በሚጠጋበት በኩል፣ ደቃቅ መስመሮች አራት ማዕዘን እየሠሩ የተሰመሩበት መስታወት ያስገባል፤ ጭኑ ላይ ያለው ወረቀትም እንደዚያው በአራት ማዕዘን የተሰመረ ነው፤ ከዚያም ጥለት እንደሚቆጥር ሸማኔ፣ ይህ ጉድጓድ በሦስተኛው ቤት፣ ያ ተራራ በአራተኛው እያለ ከሰማይ ወደ ወረቀት ያወርዳል። ፎቶግራፍ በዚያ ዘመን ነበረ፤ እሱ ግን ስስ የሆነውን ነገር የሚይዘው የለመደ ዓይን ነው ባይ ነበር፤ በጊዜው አልተሳሳተም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 24 ቀን 1874 ሌሊት ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ገባች። ወሩ በዚያ አገር ቅጠል የሚረግፍበት ነው፤ የመመልከቻው ጉልላት ደግሞ ተከፍቶ ያድራል፣ እሳትም አይነድበትም፤ ሙቅ አየር ምስሉን ያርገበግበዋልና። የፀሐይ ግርዶሽ ሲሞላ በደቂቃዎች ያልፋል፤ የጨረቃው ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ ጥላው ቀስ ብሎ፣ ክብ ጠርዙን ይዞ፣ እንደሚሳብ ጋቢ ይመጣል። ያ ክብ ጠርዝ የእኛው የምድር ቅርጽ ነው፤ ጥላው ውስጥ የሚታየው ቅላትም ከእኛው ይመጣል፤ የፀሐይ ብርሃን በምድር ዙሪያ ያለውን አየር ሲያቋርጥ ሰማያዊው ይበተናል፣ ቀዩ ጎበጥ ብሎ ያልፍና ጨረቃ ላይ ያርፋል። በዚያች ሰዓት በምድር ዳርቻ ሁሉ የምትወጣውና የምትጠልቀው ፀሐይ ቀለም እዚያ ላይ ተጠራቅሞ ይታያል ማለት ነው። ትሩቭሎም ጥላው ጨረቃን ከፊል ውጦ ከፊል ሲተዋት ያለውን መርጦ ሣለ።

በሕይወቱ ሰባት ሺህ ያህል ሥዕል እንደሠራ ይነገራል። ከእነዚያ መካከል 15ቱ ተመርጠው፣ ለየቀለሙ ለየብቻ ድንጋይ እየተዘጋጀ፣ አንዱ ወረቀት ደጋግሞ ማተሚያው ሥር እያለፈ፣ ስክሪብነርስ በሚባለው አሳታሚ ቤት በ1881ና በ1882 ወጡ። የአንዱ ስብስብ ዋጋ 125 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህን ከፍሎ ግድግዳውን የሚያስጌጥ ስንት ሰው ይኖራል? የገዙት በብዛት ቤተ መጻሕፍትና የጠፈር መመልከቻዎች ነበሩ። ከዚያም ፎቶግራፍ በረታ፣ ሥዕሎቹም አርጅተዋል ተባሉና ብዙዎቹ ተጣሉ። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ያ ሁሉ ሌሊት!

ትሩቭሎ በ1882 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ፓሪስ አጠገብ ሜዶን ላይ ፀሐይን ሲመለከት ኖሮ በ1895 አረፈ። ያቺን ያስቀመጣችሁልኝን ነገር አሁን አምጡልኝ፤ እሱ ከአሜሪካ በሄደ በሰባተኛው ዓመት፣ በ1889፣ ያመለጡት የእሳት እራቶች ልጅ የልጅ ልጅ አፍርተው ሜድፎርድን ወረሯት፣ አባጨጓሬው የዛፉን ቅጠል ጨረሰ፣ የእግረኛውን መንገድ ሸፈነ፣ ሌሊት ሲያኝክ ድምፁ ይሰማ ነበር አሉ። እስከ ዛሬም የአሜሪካን ጫካ ይበላል። ከጨረቃ ላይ አንዲት ጉድጓድ ያላመለጠችው ሰው፣ መረቡን መድፈን ሳይሆንለት ቀረ።

አሁን እነዚያን ሥዕሎች የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወደ ኮምፒዩተር አስገብቷቸዋል፤ የባለቤትነት መብታቸው ዘመኑ ስላለፈ የፈለገ አሳትሞ ይሰቅላል። የእኔዋም እንዲህ ነው የመጣችው። ስትሰቅሉ ታዲያ ከመስኮት አርቁ፤ ፀሐይ ቀለሟን ያስለቅቃታል።

በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ፣ ጨረቃ በተጋረደችበት ዕለት፣ አክስቴ እኛ ዘንድ ነበረች። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ደመናው ይመጣል ይሄዳል፣ እኛም አንዴ ደጅ አንዴ ቤት ስንል ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ጥላው ከዳር ጀመረ፣ ከዚያም ደመናው ገለጥ ሲል ግማሿ ተውጣለች። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀና ብላ ቆየች። ከዚያም ምንም ሳትል ወደ ሳሎን ገባች፣ ሥዕሏ ፊት ቆመች፣ እንደገና ወጥታ ሰማዩን አየች፣ እንደገና ገባች። ተከትያት ስገባ፣ ሶፋው ላይ ጉልበቷን ደገፍ አድርጋ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለውን ክፈፍ በሁለት እጇ ታቃናው ነበር።