ከሐኪም እጅ ወደ ሱቅ መደርደሪያ

ቸኮሌት አውሮፓ ሲገባ እንደ ዛሬው ለልጆች ማባበያ አልነበረም። ስፔናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ኮልሜኔሮ ደ ሌዴስማ እ.ኤ.አ. በ1631 ስለ መጠጡ ባሕርይና አዘገጃጀት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ካካዎው ከሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ፣ ከቀረፋ፣ ከለውዝና ከስኳር ጋር ተወቅጦ በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፤ አረፋ እስኪያወጣ ይመታና ትኩስ ትኩሱን ይጠጣል። የዘመኑ ሐኪሞች ለምግብ መፈጨት ሳይቀር ያዙት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1828 የሆላንዱ የቫን ሃውተን ቤተሰብ ቅባቱን ከካካዎ ጨምቆ የሚያወጣ መጭመቂያ ይዞ ብቅ አለ። ዱቄቱን በአልካሊ ማከምም ተለመደ፤ መራራነቱ ለዘብ፣ መልኩ ጠቆር አለ። ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ይኸው ሕክምና ዛሬ ለደም ሥር ይበጃሉ የሚባሉትን፣ ፍላቫኖል የተሰኙ የካካዎ ንጥረ ነገሮች አብሮ ያመናምናል። ስለዚህ መጥቆር ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በ1847 የብሪስቶሉ ፍራይ ድርጅት በጥርስ የሚገመጠውን ቸኮሌት ሠራ። መድኃኒትነቱም ተረሳ።

ሳይንስ ወደ ጉዳዩ ተመልሷል። በ2022 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመው ኮስሞስ የተባለ ጥናት 21,442 በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አሳትፏል። የካካዎ ውህድ የወሰዱት ሰዎች በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ27 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ በዋናው መለኪያ፣ ማለትም በአጠቃላይ የልብና የደም ሥር ሕመም ክስተቶች ላይ የታየው ቅናሽ አሳማኝ አልነበረም። ደግሞም የተሰጣቸው 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል ያለው እንክብል እንጂ ቸኮሌት አይደለም።

ጥቁር ቸኮሌት የሚወድ ሰው ትንሽ ቆርሶ ቢበላ ደግ ነው። ሲገዛ ግን ማሸጊያውን ገልበጥ አድርጎ ያንብብ፤ ስኳር ከካካዎ ቀድሞ ከተጻፈ፣ በብዛት ያለው ስኳሩ ነው።