የሕፃናት የምግብና የመክሰስ ልማድ በቡሹሎ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡሹሎ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል፣ ለሕፃን የምግብ ሰዓት ማበጀት ከገበታው ይዘት ሊነጠል አይገባም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት 45 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚበቃውን ያህል ጊዜ ይመገቡ ነበር፤ በቂ የምግብ ስብጥር ያገኙት ግን 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ጥቂት ስለሆነ አጥንቱ በጥንቃቄ የወጣለት ቆሮሶ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም ባቄላ ሊታከልላቸው ይገባል። ገበያ የምትውል እናት ጊዜ ከየት ታምጣ የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሆኖም መክሰስ ምጣድ መጣድ አይጠይቅም፤ ሲዳማ የማያጣው አቮካዶ ተደፍጥጦ ወይም ሙዝ ተልጦ ይበቃል፣ ልጁን ቤት የሚጠብቅ ታላቅም በሰዓቱ ሊያቀርበው ይችላል። ሕፃኑ እምቢ ካለ አይገደድም፤ ያው ምግብ በሌላ ቀን ደግሞ ይቀርብለታል።