አሲድ ሃውስ

አሲድ ሃውስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የተወለደ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ስልት ነው። መለያው የሮላንድ ኩባንያ ቲቢ-303 የተባለው መሣሪያ የሚያወጣው የሚያፏጭና የሚጠማዘዝ የቤዝ ድምፅ ነው። መሣሪያው የተሠራው ለጊታር ተጫዋቾች ማጀቢያ እንዲሆን ነበር። ፊውቸር የተሰኘው ቡድን አባላት ዲጄ ፒየር፣ ስፓንኪና ኸርብ ጄ በዚሁ መሣሪያ የቀረጹትን ሙዚቃ በካሴት ለዲጄ ሮን ሃርዲ ሰጡት። ፒየር እንደሚተርከው፣ ሃርዲ ሚዩዚክ ቦክስ በተባለው ጭፈራ ቤት በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ አጫወተው፤ መጀመሪያ ላይ የጭፈራ ሜዳውን ለቆ የሄደው ጨፋሪ በአራተኛው ላይ በደስታ አበደ። ሸክላው ከመታተሙ በፊት ቅጂው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ተዛመተ። ሥራው «አሲድ ትራክስ» ተብሎ በ1987 በትራክስ ሬከርድስ ወጣ፤ በዓመቱም ስልቱ የእንግሊዝን ጭፈራ ቤቶች አጥለቀለቀ። ስልቱን ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ የሃርዲ ደፋር ጆሮና ትዕግሥት ነው።